ልጆቻችንና የሀገር ፍቅር ቴአትር



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የገቢና የወጪ ሒሳብ፣ የድንኳንና የወንበር ቆጠራ፣ በዓመቱ ውስጥ የተለዩን አባሎቻችን ስም ዝርዝር እንደ ልማዱ ይወጣል። ዘንድሮ ግን አዘጋጁ ኮሚቴ እኛንም «እናንተም አንድ ነገር ጻፉ» ብሎ ስላዘዘን፣ በ2010 ዓ.ም. ክረምት የሰፈራችንን ልጆች ይዘን ሀገር ፍቅር ቴአትርን ለመጎብኘት ስለ ሄድንበት ቀንና በዚያው ሳቢያ ስለ ተማርነው ታሪክ ልንጽፍ ወስነናል። ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ቢሆንም ዛሬ የምንጽፍበት ምክንያት አለን፤ እሱን ወደ መጨረሻው እንናገራለን።

ነገሩ የተጀመረው ከለቅሶ ቤት ነው። በዚያው ዓመት ከአባሎቻችን አንድ አዛውንት አረፉ። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ፣ በጎልማሳነታቸው በሀገር ፍቅር ቴአትር የመድረክ ሠራተኛ ሆነው መጋረጃ ይስቡ እንደ ነበር ተነገረ። ሁላችንም ሰማን፣ ራሳችንን ነቀነቅን፣ አፈር አለበስናቸውና ወደ ድንኳኑ ተመለስን። እዚያ ንፍሮ የሚያዞር አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ከመካከላችን ጠጋ ብሎ፣ «ሀገር ፍቅር ማለት ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን።

እንግዲህ እውነቱን ለመናገር አፈርን። አንዱ፣ «ፒያሳ ያለው ሰፈር ነው» አለው። ሌላው፣ «ብሔራዊ ቴአትር ማለት አይደል እንዴ?» አለ። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ድሮ ዘፈን የሚዘፈንበት ቤት ነው፤ በል አሁን ንፍሮውን አዙር» ብሎ ሸኘው። ማን አቋቋመው፣ ለምን ተቋቋመ፣ በምን ዘመን ቢሉን ከተቀመጥነው አንድም በቅጡ የሚመልስ አልነበረም። የሰውየውን የሕይወት ታሪክ አንብበን ቀበርናቸው፤ ያነበብነውን ግን አላወቅነውም ማለት ነው። ይህ ነገር ከሠልስቱም በኋላ ሲከነክነን ሰነበተ።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ «ልጆቹን ወስደን ለምን አናሳያቸውም?» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ግን ክርክር ተነሣ። «የዕድር ገንዘብ ለቀብርና ለለቅሶ እንጂ ለሽርሽር አይወጣም፤ ደንባችን አይፈቅድም» ያሉት አባላት ትክክል ነበሩ። ስለዚህ ከሣጥኑ አንድ ሳንቲም ሳይነካ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ከኪሱ አዋጣ። እናቶችም ዳቦ ደፉ። ለቴአትር ቤቱ ደብዳቤ ጽፈን አስፈቀድን። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 24 ልጆች ተመዘገቡ። መሪ እንዲሆኑን የቀድሞውን የዕድራችንን ዳኛ ለመንን፤ እሳቸው በወጣትነታቸው በ1940ዎቹ ዓመታት ሀገር ፍቅር እየተጋፉ ይገቡ ነበርና። ጡሩንባ ነፊያችንም፣ «ልጅ ከጠፋ እኔ እጠራላችኋለሁ» ብሎ ተከተለን።

ዕለቱ የነሐሴ ቀን ነበረ፤ ካፊያው አላቋረጠም። በእግራችን ሄደን መጀመሪያ ያረፍነው ምኒልክ አደባባይ፣ ከሐውልቱ ሥር ነው። አባባ እዚህ ያስቆሙን ያለ ምክንያት አልነበረም። «ይህን ፈረስ አያችሁት?» አሏቸው ልጆቹን። «ይህ ሐውልት የቆመው በ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓሉ ሰሞን ነው። ጣልያን አዲስ አበባን ሲይዝ ነቅሎ ደበቀው። ከነጻነት በኋላ ተፈልጎ ተመልሶ ቆመ። አሁን የምንሄድበት ቤትም ታሪኩ እንደዚሁ ነው፤ ተተክሎ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና የተተከለ ነው።» ልጆቹ ፈረሱን አንጋጠው እያዩ ዝም አሉ። እኛም ይህን ሐውልት በየቀኑ እያለፍነው እንዲህ አስበንበት እንደማናውቅ ተሰማን።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መለስ ብለን፣ ሀገር ፍቅር ከመቋቋሙ በፊት በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር እንዴት እንደ ጀመረ ብናወሳ ይሻላል። ለልጆቹም በመንገድ ላይ የነገርናቸው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የተጻፈው በሩሲያ ተምረው በተመለሱት በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው። እኚህ ሰው በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ጣልያን ሲወርረንም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተከራከሩ ሰው ናቸው። ተውኔቱ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚባለው ሲሆን፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል አዳራሽ በመኳንንቱ ፊት ታየ። ስሙ እንደሚያመለክተው ተዋናዮቹ አውሬዎች ናቸው፤ እንደ ተረት ተረት ማለት ነው። ነገር ግን ተረቱ የጊዜውን የአስተዳደር ጉድለት የሚነካ ሆኖ ስለ ተገኘ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ከዚያም ለጥቂት ዓመታት የቴአትር ነገር ጸጥ አለ።

ይህን ስንናገር አንዲት ልጅ፣ «ተረት ይከለከላል እንዴ?» አለች። አባባ ሳቅ ብለው፣ «ተረት እኮ ነው የሚፈራው የኔ ልጅ፤ ስድብማ ወዲያው ይረሳል» አሏት።

ቴአትር እንደገና ነፍስ የዘራው በትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። ልጆቹን በጣም ያስደሰታቸው ይህ ነጥብ ነበር። እንደ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና እንደ መላኩ በጎ ሰው ያሉት ቀደምት ደራሲዎች ተውኔት ሲያዘጋጁ፣ ዛሬ እንዳለው ደመወዝ የሚከፈለው ተዋናይ አልነበራቸውም። ዮፍታሔ የደብረ ኤልያስ ቅኔ አዋቂ ነበሩ፤ በዳግማዊ ምኒልክና በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ ተውኔት እየደረሱ ተማሪዎቻቸውን አሰልጥነው ያሳዩ ነበር። እንግዲህ ከሀገራችን የመጀመሪያዎቹ የመድረክ ሰዎች ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ ቢባል ስሕተት አይሆንም። ይህን ስንነግራቸው የኛዎቹ ሃያ አራቱ ቀና ቀና ብለው መራመድ ጀመሩ።

ከጊዮርጊስ ብዙ ሳንርቅ ቴአትር ቤቱ በር ላይ ደረስን። ፈቃዳችንን አሳይተን ገባን። ትዕይንት የሌለበት ቀን ስለ ነበረ አዳራሹ ባዶና ጨለም ያለ ነው። የቤቱ ሰው መብራት አበራልንና ልጆቹን ከፊት ረድፍ አስቀመጥናቸው። አባባ ከመድረኩ ሥር ቆመው የቤቱን ታሪክ ነገሩን፤ እኛም አስቀድመን ያነበብነውን እየጨመርን አሟላነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ጦር በኤርትራና በሶማሌ በኩል ይከማች ነበር። ወረራው እንደማይቀር የታወቀበት ሰዓት ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ ከሌሎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ የመጣውን አደጋ ለሕዝቡ ማስረዳት፣ ለነጻነቱ እንዲነሣ ማነቃቃት ነው። መጀመሪያ ነገሩ ቴአትር ቤት አልነበረም። ሕዝቡን በአደባባይ እየሰበሰቡ ንግግር ማሰማት፣ አዝማሪዎች በማሲንቆና በክራር ስለ አገር እንዲዘፍኑ ማድረግ ነበር ሥራው። ንግግሩ እንዳይሰለች ዘፈን ተጨመረ፤ ከዘፈኑ ጋር ጨዋታ መጣ። ቴአትሩ ከማኅበሩ ተወለደ እንጂ ማኅበሩ ከቴአትሩ አልተወለደም።

ጊዜውን ልብ ይሏል። ማኅበሩ በሐምሌ ተቋቋመ፤ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጣልያን መረብን ተሻገረ። መካከሉ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ማኅበሩም ሥራው ተቋረጠ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የከተማችን ሕዝብ ምን እንደ ደረሰበት ለዕድርተኛ መንገር አያሻም፤ አያቶቻችንን በየጓሮው የቀበርንበት ቀን ነው። አምስቱ ዓመት አልፎ ነጻነት ሲመለስ ማኅበሩ እንደገና ተቋቋመ፤ ቀስ በቀስም የሀገር ፍቅር ቴአትር ተብሎ በሙዚቃና በተውኔት ታወቀ። መሥራቹ አቶ መኮንን በኋላ ሚኒስትር ሆነው ሲያገለግሉ ቆይተው፣ በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ በቤተ መንግሥት ከተገደሉት ባለ ሥልጣኖች አንዱ ሆኑ።

እዚህ ላይ አባባ ቆም አሉና አንድ ነገር አሉን፤ እስካሁን ከጆሯችን አልጠፋም። «ልብ በሉ፤ ይህ ቤት ሲጀመር ማኅበር ነበረ። እኛም ማኅበር ነን። ዕድር በዚህ ከተማ እየበዛ የመጣው በዚያው በጣልያን ጊዜ ገደማ ነው ይባላል። ያ ማኅበር በሕይወት ያሉትን ይጠራ ነበር፤ የኛ ማኅበር የሞተውን ይሸኛል። የአንድ ዘመን ልጆች ነን።»

ከዚህ በኋላ ልጆቹ መድረክ ላይ እንዲወጡ ተፈቀደላቸው። አባባ ስለ ድሮው ትዕይንት ሲያጫውቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ የሴቷን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ድምፁን አቅጥኖ ይወጣል። ያን አጥር ጥሰው ስድብና ሐሜት ችለው ወደ መድረክ የወጡ ሴቶች ምን ያህል ጎበዞች እንደ ነበሩ ለሴቶቹ ልጆች ደጋግመን ነገርናቸው። ዛሬ የሴት ተዋናይ ስም በአክብሮት የሚጠራው እነዚያ ስለ ተሰደቡ ነው።

ድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ጊዜ የተዋናይ ድምፅ እኋላ ድረስ መሰማት ነበረበት። ይህን ለማስረዳት ብለን ጡሩንባ ነፊያችንን መድረክ ላይ አወጣነው። «በል አንድ ነገር ተናገር» ብንለው ጨነቀው። ምን ይበል? ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው አንድ ንግግር ብቻ ነው። ደረቱን ነፋ አደረገና፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ ጀመረ። ድምፁ ባዶውን አዳራሽ ሞላው። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። በሰፈር ውስጥ ይህ ድምፅ በማለዳ ሲሰማ አንድ ሰው ሞቷል ማለት እንደ ሆነ ያውቃሉና። እኛም ሰውነታችን ወረር አደረገን። በ1927 ዓ.ም. በአደባባይ የተጠራው ሕዝብም እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ይሆናል የተሰበሰበው ብለን አሰብን።

ለልጆቹ የጥላሁን ገሠሠንም ነገር ነገርናቸው። ጥላሁን በወሊሶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ የሀገር ፍቅር ተጫዋቾች ወደዚያ ለትዕይንት ሄዱ። ልጁ ከመካከላቸው ደራሲውንና የሙዚቃ ሰውየውን ኢዮኤል ዮሐንስን ቀርቦ ዘፈን እንደሚወድ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ቆይቶም ወደ ክቡር ዘበኛ ተዛወረ። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር እንዴት እንደ ሸኘው ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ለልጆቹ ልንል የፈለግነው ይህ ነው፤ ያ ሁሉ የጀመረው አንድ ተማሪ ደፍሮ አንድ ትልቅ ሰው በማናገሩ ነው።

በድንኳኑ ውስጥ «ብሔራዊ ቴአትር ማለት አይደል?» ላሉት ወንድማችንም መልሱን እዚህ ላይ እንስጥ። አይደለም። ብሔራዊ ቴአትር ሌላ ነው። የዚያ ቤት ግንባታ በጣልያን ጊዜ ለሲኒማ ተብሎ ተጀምሮ የቀረ ሲሆን፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት የንግሥ በዓል ተሠርቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ብሔራዊ የተባለው ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ነው። ሁለቱም የሚከበሩ ቤቶች ናቸው፤ ግን አንዱ በበዓል ተከፈተ፣ አንዱ በጭንቅ ተወለደ።

ልንወጣ ስንል ልጆቹን ቆጠርን፤ 23 ሆኑብን። ደግመን ቆጠርን፤ ያው 23። የደነገጥነውን ድንጋጤ ልጅ የወለደ ያውቀዋል። የሰው ልጅ አደራ ነውና ላባችን ወረደ። ጡሩንባ ነፊያችን ሊጣራ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ ኮቴ ተሰማ። ያው ንፍሮ ሲያዞር የጠየቀን ልጅ ነው። መጋረጃው የሚሳብበትን ገመድ ይዞ ቆሟል። ልንቆጣው አልን፤ እሱ ግን ቀድሞ፣ «እኚያ የሞቱት አባባ እዚህ ነበር የሚቆሙት?» አለን። ቁጣችን እዚያው ቀረ። ገመዱ ያኔ የነበረው ይሁን አይሁን ማን ያውቃል፤ ልጁ ግን የሰውየውን ቦታ አግኝቶታል።

በመመለሻችን ላይ፣ ዳቦው እየተቆረሰ፣ ይኸው ልጅ ሌላ ጥያቄ አመጣ። «ያን ሁሉ ከዘፈኑና ከተናገሩ፣ ጦርነቱ ለምን አልቀረም?» አለ። እኛ የምንመልሰው ጠፋን። ዘፈን መድፍ አያቆምም፣ የመርዝ ጭስ አይመልስም፤ ይህን ለልጅ እንዴት ብለው ይናገሩታል? የመለሱለት አባባ ናቸው። «አየህ ልጄ፤ ዕድርም ሞትን አያስቀርም። ዕድር እያለንም ሰው ይሞታል። ነገር ግን ዕድር ካለ ማንም ሰው ብቻውን አይቀብርም። ያም ማኅበር ጦርነቱን አላስቀረም፤ ሰው ጦርነቱን ብቻውን እንዳይጠብቅ አደረገ እንጂ» አሉት። ልጁ ዳቦውን ይዞ ጥቂት አሰበና፣ «እሺ» አለ።

ውድ አባላት፤ ዛሬ ይህን የምንጽፍበትን ምክንያት ወደ መጨረሻው እንናገራለን ብለን ነበር። እነሆ ደረስን። አባባ ከዚያ ጉብኝት በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ እሳቸውንም ቀበርን። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳና በዙሪያዋ ብዙ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተዛወረ። ከኛም አባላት ብዙዎቹ ተበትነው፣ ዛሬ ለለቅሶ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሯል፤ ለልጆቻችን ግን «እዚህ ጋ እኮ የእገሌ ቤት ነበረ» ብለን በጣት የምናሳየው ግድግዳ አጣን። ግድግዳው ሲሄድ የሚቀረው ሰው የሚያስታውሰው ብቻ ነው። ያስታወሰው ሰው ካልነገረ ደግሞ እሱም አብሮ ይቀበራል፤ ለዚህ ዓይነቱ ቀብር ድንኳን የሚተክል ዕድር የለም።

ከዚያ ቀን የተማርነውን በሦስት ሐሳብ አጠቃለን ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ «እዚህ ቦታ ሠርተዋል» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ቦታው ምን እንደ ነበረ ሁለትና ሦስት መስመር ይጨመርበት። ሁለተኛ፣ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸውን አባሎቻችንን ልጆቻችን በሕይወት ሳሉ እየጠየቁ ይጻፉላቸው፤ የሕይወት ታሪክ ባለቤቱ ሳይሰማው ለምን ይነበባል? ሦስተኛ፣ ከሣጥኑ ሳይነካ በፈቃደኞች መዋጮ፣ በየዓመቱ ክረምት ልጆቹ አንድ የታሪክ ቦታ ይዩ። ቤቱ ሩቅ የሆነባቸው አባላትም ልጆቻቸውን ይላኩ፤ እንደዚያ ከሆነ የተበተነው ሰፈር ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን በልጆቹ እግር ይገናኛል።

ያ የጠፋብን ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ቤተሰቡ ከሰፈር ከለቀቁት አንዱ ነው። ባለፈው የአንድ እናታችን ለቅሶ ላይ ግን ከማንም ቀድሞ መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ድንኳን ሲተክል አየነው። ገመዱን ስቦ ካሰረ በኋላ ወደኛ ዞር ብሎ፣ «መጋረጃ ሳቢው መጣሁ» ብሎ ቀለደ። እኛም በለቅሶ ቤት መሆናችንን ረስተን ፈገግ አልን።

የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ የቀሩትን ጤናና ዕድሜ ይስጥልን። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።